ዶሮ የታቀፈችባት መኪና

ያች መኪና እኔ ዘንድ የደረሰችው በገመድ ተጎትታ ነው። ባለቤቷ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጡ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ገጠማቸው። መብራት አብርተው ቀስ እያሉ ሳሉ ከመሪው ሥር ጭስ ተነሣ። ወርደው የባትሪውን ሽቦ በባዶ እጃቸው ነቀሉ፤ የለበሱትን ኮት አውልቀው ጭሱን አፈኑት። ከዚያ እህል የጫነ መኪና ጎትቶ አመጣቸውና ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ካለው ደጃፌ አድርሷቸው ሄደ። ስወጣ በሩን ከፍተው፣ አንድ እግራቸውን መሬት አውርደው ተቀምጠዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ተልጧል።

"አብሽር፣ ነፍስ አልጠፋም" አሉኝ። ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ ስኳር በቀበሌ፣ ከከተማ መውጣት በይለፍ ወረቀት። እኔ ያን ጊዜ የመኪና ኤሌትሪክ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሙያውን የለመድኩት ሌላ ሰው ሲሠራ ባትሪ እያበራሁለት በማየት ነው፤ ፊደል የቆጠርኩትም ኋላ፣ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ሽቦ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ስለማልችል ለያንዳንዱ ሽቦ ክር አስርበት ነበር። ለፊት መብራት ነጭ፣ ለኋላው ቀይ፣ ለፍሬቻው ቢጫ። ማንበብ ከቻልኩ በኋላም ክሩን አልተውኩትም። እጅ አንዴ የለመደውን ዓይን መጥቶ አያስተወውም።

ባለመኪናውን አያ ነበር የምላቸው፤ እኛ አገር ታላቅን እንዲህ ብለን ነው የምንጠራው። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ደህና ሳለ ወደ አሰብ የሚመላለስ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። አንድ ቀን ጎማ ሲቀይሩ ክሪኩ ሸርተት አለና መኪናው እግራቸው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ያ እግር ፔዳል ይረግጣል እንጂ መንገድ አይራመድም። ባጠራቀሟት ይችን ትንሽ የጣልያን ሥሪት ገዙ። ሲገዟትም አሮጊት ነበረች፤ ወተት የመሰለች፣ ሁለት ክብ ዓይኖቿን አፍጥጣ የምታይ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ያመላልሱባታል፤ ቤታቸው የሚያድረው በሷ ነው። መስጊድም፣ ገበያም፣ ለቅሶም የሚደርሱት በሷ ነው። ያለሷ ከደጃቸው አልፈው አያውቁም ብል አልዋሸሁም።

የዓመት ምርመራዋ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ያን ቀን ካላለፈች ታርጋዋ ይፈታል። ታርጋ ከሌለ ኩፖን የለም፤ ኩፖን ከሌለ ቤንዚን የለም፤ እንግዲህ መኪናዋም ያው የቆርቆሮ ክምር ሆነች ማለት ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ መርማሪው ጠንክሯል። ቀድሞ ሽቦን ከሽቦ ጠምዝዘን፣ ጥቁር ናስትሮ ጠቅልለን እናልፍ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ሽቦ በሶኬቱ ካልተጋጠመ አላሳልፍም ብሏል። ሶኬት የምንለው ሽቦና ሽቦ የሚገናኙበትን ነው፤ ወንድና ሴት አለው፣ አንዱ ካንዱ ይገባል። የዚያች መኪና ሶኬቶች እንደ ቀንድ የጠነከሩ ጥቁር ነገሮች ነበሩ፤ ጥርሳቸው ከሌላ መኪና ጋር አይገጥምም። ክሩስኮቱን፣ ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ፣ ፈትቼ ብቆጥር ሰባት ጥንድ ቀልጠው እንደ ሰም ወርደዋል።

ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጌአለሁ። አያ ጎረቤት ገብተው እጃቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነክሩ የፊውዙን ሳጥን ክዳን ከፈትኩት። ስከፍተው የማገኘውን አውቄ ነበር። የመብራቱ ፊውዝ ላይ ብርማ የሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። ወረቀቱ ጠቁሯል እንጂ አልተበጠሰም።

የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ከስምንት ወር በፊት ነው። ፊውዙ ተቃጥሎባቸው መጡ፤ ደሴን ብዞር ፊውዝ የለም። ከአንድ መንገደኛ ከፓኮው ውስጥ ወረቀቷን ለምኜ ጠቀለልኩባትና መብራቱ በራ። ለዛሬ ብቻ ነው፣ ፊውዝ ሳገኝ እቀይረዋለሁ አልኩ በልቤ። ለሳቸው አልነገርኳቸውም። ያን ጊዜ ሁላችንም እንዲህ እናደርግ ነበር፤ አንድ መኪና ሠሪ አልጠቀለልኩም ቢላችሁ አትመኑት። ፊውዝ ማለት ሽቦውን ለማዳን ቀድሞ የሚሞት ነገር ነው። ወረቀቱ ግን አይሞትም፤ ሽቦው ነው የሚሞትለት። ይሄን አውቃለሁ። አውቄም ስምንት ወር ረሳሁት።

ወረቀቱን በፒንሳ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። አያ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡና፣

"ምን ሆነች ትላለህ?" አሉኝ።

"እርጅና ነው አያ።"

"እሱስ ማንን ይምራል" አሉ፣ ጣራዋን በደህና እጃቸው መታ መታ እያደረጉ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሱሪ ስቀይር እንኳ አብሬ አዛውረው ነበር። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም።

በማግስቱ ፒያሳ ያሉትን የመለዋወጫ ቤቶች ዞርኩ። መደርደሪያው ላይ ያለው የብስክሌት ደወልና ግሪስ ነው። አንዱ ባለመደብር አፌን ሳልከፍት የለም የሚል ሰው ነበር፤ የለም ማለት ለምዶበት ደህና ዋልክ ብትሉትም የለም የሚል ይመስላል። የቀለጠውን ሶኬት ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። ገልብጦ አየውና ስታገኝ ለኔም አንድ አምጣልኝ አለኝ። ሦስት ቀን እንዲህ አለቀ። በመሐሉ ሶኬቱ ቀንድ ስለሚመስል እስቲ በቀንድ ይሠራ ብዬ ዋንጫ የሚፍቅ ሰው ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰውየው ጎበዝ ነው፤ አስመስሎ ፈልፍሎ ሰጠኝ። ብረቷን ብከትባት ከሁለት ተሰነጠቀች። ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን፤ ብዙ ግን አልሳቅንም።

ከዚያ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጋራዥ ከጋራዥ ሁለት ቀን ዋልኩ። ያለው ሁሉ የወታደር መኪና ሶኬት ነው፤ አንዱ የሰው ቡጢ ያህላል። በየሄድኩበት ያችን የቀለጠች ሶኬት አውጥቼ አሳያለሁ፤ ሰዎቹም እያገላበጡ አይተው፣ ከንፈር መጥጠው ይመልሱልኛል። እግሬ አብጦ አንድ ጎማ ጠጋኝ ደጃፍ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው የያዝኩትን አየና፣ እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ሐርቡ አንዲት ሴትዮ ግቢ አለች አለኝ። ትሠራለች ወይ ብለው፣ አዎ ዶሮ ታሳፍራለች አለ።

የሐርቡ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ሰውየው አለ፣ ማኅተሙ የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ ሲሰጡኝ ለአንድ ቀን ብቻ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተመለስ ተብሎ ነው። አምስት ቀን ቀርቶኛል።

በየሁለት ቀኑ አያ ሰው ይልኩብኝ ነበር። ተገኘ ወይ አይሉም። ደህና ነህ ወይ ብለውሃል ይለኛል የመጣው ሰው። ከመጠየቅ ይልቅ ያ ነበር የሚከብደኝ።

ሐርቡ ስወርድ ሙቀቱ ተቀበለኝ። የሴትዮዋን ቤት ጠቆሙኝ። ከኔ በዕድሜ ብዙም አትበልጥም፤ ባሏ ሞቶባት ማሽላዋን በሰው እያሳረሰች የምትኖር ናት። መኪናዋ ከዓመታት በፊት ከመንገድ ወጥታ ማሳዋ ላይ የቀረች ነች፤ ባለመኪናው ተመልሶ አልመጣም። የሴትዮዋ ባል በሁለት በሬ ጎትቶ ግቢ አስገባት። ጎማዋ፣ ሞተሯ፣ መቀመጫዋ እየተፈታ ሄዷል። ሽቦዋን ግን የፈለገው የለም። በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ፤ ከክሩስኮቱ ሥር ጥቁሮቹ ሶኬቶች እንዳሉ ተንጠልጥለዋል፣ አቧራ ለብሰው፣ ሙሉ ናቸው። ወዲያው ልገባ እጄን በሩ ላይ ሳደርግ ሴትዮዋ እጄን ያዘችኝ።

ከሶኬቶቹ ሥር፣ የሰው እግር በሚያርፍበት፣ ገለባ ተነጥፎ ዶሮ ታቅፋለች።

ዶሮ የታቀፈችበት ላይ የባዕድ ዓይን ካረፈ እንቁላሉ ይበላሻል ይባላል። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትል። ሴትዮዋ የበፊቱን ጫጩት ሸለምጥማጥ ጨርሶባታል፤ የቀራት ይሄው ነው። ሻሽዋን ፈትታ መስኮቱን ጋረደችው።

"ዛሬ አሥረኛ ቀኗ ነው። አሥራ አንድ ቀን ቆይተህ ና" አለችኝ።

"እታለም፣ እኔ የቀረኝ አምስት ቀን ነው።"

"እንቁላሉ ያንተን ምርመራ ያውቃል እንዴ?"

ብከራከር ወይ ብለማመጥ ያባባት ነበር ይሆናል፤ ጉልበቱ አልነበረኝም። አጥሯ ሥር ተቀመጥኩና ውሃ ለመንኳት። በቅል አመጣችልኝ። ስጠጣ ቆማ አየችኝና መኪናው ያንተ ነው ወይ አለችኝ። የኔ አይደለም፣ የአንድ እግራቸው የተጎዳ ሽማግሌ ነው አልኳት። የሚበሉት በሷ መሆኑን፣ መስጊድ የሚደርሱት በሷ መሆኑን፣ ታርጋው ቢፈታ ከደጃቸው እንደማያልፉ ነገርኳት። ቅሉን ተቀብላኝ ገባች፤ ቆይታ ወጣች።

"የኔን እጅ ታውቀዋለች" አለች። "አንተ ጀርባህን አዙረህ ተቀመጥ፤ ዓይንህ ወደዚህ እንዳይዞር። የምትፈልገውን ንገረኝ፣ እኔ አወጣልሃለሁ።"

እንዲህ ሆነ። እኔ ከመኪናዋ ውጭ፣ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ፣ ፊቴን ወደ ማሽላው አድርጌ ተቀመጥኩ። እሷ በወዲያኛው በር በጉልበቷ ገባች። ሃያ ዓመት በእጄ ስሠራው የኖርኩትን ነገር በአፌ መናገር አልችልበትም ነበር። ግራ በኩል ያለው ስል ግራው የማን ነው ትለኛለች፤ ያንተ ጀርባህን ሰጥተህ የተቀመጥከው ነው ወይስ የኔ? ልክ ናት። ኋላ ዓይኔን ጨፍኜ እጆቼን አየር ላይ ዘረጋሁና እጄ በሚሄድበት እየሄድኩ መናገር ጀመርኩ። ከመሪው ግንድ ጀምሪ፣ አንድ ስንዝር ወደ በሩ፣ አሁን ወደ ላይ፣ እዚያ ጋ ሦስት ሽቦ የገባበት ክብ ነገር ታገኛለሽ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢያየኝ አብዷል ይለኝ ነበር።

"አገኘሁት። ግን ወንዱና ሴቷ ተጣብቀዋል፣ አንላቀቅም ብለዋል።"

"ከጎን ትንሽ ምላስ አለች፤ እሷን ተጫኚና ሳቢ። ሽቦውን አትሳቢ፣ ራሱን።"

"አንተ ሶኬት ነው ወይስ ትዳር የምታስፈታኝ?"

ሳቄ መጣ። ዶሮዋ አጉረመረመች፤ ሁለታችንም ዝም አልን። መጀመሪያዋ ጥንድ ስትወጣ ሴትዮዋ ሽቦውን በቢላዋ ከስንዝር በላይ ቆርጣ በትከሻዬ ላይ አቀበለችኝ። እኔ ነጭ ክር አሰርኩባት። ሁለተኛዋ ቀይ። እንዲህ እያልን ስንሄድ ዶሮዋ አንዴ ጣቷን ነክሳት ደማች፤ አንዴ ደግሞ ተነሥታ ወጣች። ሴትዮዋ እንቁላሎቹን በሻሽዋ ሸፍና ወጥታ ከኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ዶሮዋ ጭራ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ደስ ሲላት እስክትመለስ ጠበቅናት። ፀሐይዋ ከራሴ ላይ ወደ ፊቴ መጥታለች። የይለፍ ወረቀቴን ሰዓት እያሰብኩ ዶሮ እጠብቃለሁ።

ከአራተኛዋ በኋላ ይመስለኛል፣ ሴትዮዋ ለሥራ ተጎንብሳ እንዳለች ዝም ብላ ጠየቀችኝ። ይሄ ሁሉ እንዴት ተቃጠለባቸው አለችኝ። እርጅና ነው ልል ነበር። ፊቷ ፊት ለፊቴ ቢሆን ኖሮ እል ነበር። ማሽላውን እያየሁ ግን ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። ስለ ወረቀቱ ነገርኳት፤ ስለ ስምንቱ ወር፣ ስለ ጣታቸው፣ ኪሴ ስለ ከተትኩት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ደክሞኝ ነበር፤ ምናልባት ይሄው ነው ምክንያቱ።

አምስተኛዋን አቀበለችኝ። ቢጫ ክር አሰርኩባት።

"ወንድምዓለም" አለች ኋላ። "ለኔ በጀርባህ የነገርከኝን ለሳቸው በፊትህ ንገራቸው።"

እኔም እሺ አላልኩም።

ሰባቱም ሲያልቁ የልፋትሽን ምን ልስጥሽ አልኳት። ገንዘብ አልፈልግም፣ የመኪናዋ በር አይዘጋም፣ ሸለምጥማጡ የሚገባው በዚያ ነው አለችኝ። በሩን እሷ ከውስጥ እየያዘችልኝ፣ እኔ ዓይኔን ወደ ማጠፊያው ብቻ አድርጌ፣ በሽቦ መቀርቀሪያ ሠራሁላት። ሰባቱን ጥንድ በአሮጌ ጨርቅ ቋጥራ በሁለት እጇ "ጀባ" ብላ ሰጠችኝ። እንቁላሎቹ ቢበላሹ እረግምሃለሁም አለችኝ፤ እየሳቀች ነው፣ ግን እየሳቀችም ቢሆን ከልቧ ነበር።

ኮምቦልቻ መግቢያ ኬላው ላይ ከመኪና አወረዱኝ። የኬላው ጠባቂ ቋጠሮዬን ፈታው። ሽቦ፣ ጥቁር ነገር፣ ባለቀለም ክር። በዚያ ዘመን ይሄን ይዞ መገኘት ጥሩ አይደለም። ወደ ጎን አቁሞኝ ምንድነው፣ ለማን ነው፣ ክሩ የምን ምልክት ነው እያለ ጠየቀኝ። ነጩ የፊት መብራት፣ ቀዩ የኋላ ስለው ይበልጥ ጠረጠረ። የይለፍ ወረቀቴ ሰዓት ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶታል። አብረውኝ የተሳፈሩት ሰዎች በመስኮት ያዩኛል፤ ማንም ግን አውቀዋለሁ አላለም፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ሌላው ጠባቂ፣ ሸምገል ያለው፣ መጥቶ አንዱን ሶኬት አነሣና አሸተተው።

"አንተ" አለው ለባልደረባው፣ "የዶሮ ኩስ ያለበት ፈንጂ ዓይተህ ታውቃለህ?"

ለቀቁኝ። በዚያው ማታ ደሴ ገባሁ።

ሦስት ቀን ሠራሁ። ሶኬቶቹን በላምባ አጠብኩ፣ ዝገታቸውን ፈቀፈቅሁ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ በስታኞ በየድኩ። የፊውዙን ነገር ደግሞ አንድ የማውቀው ሾፌር ከአዲስ አበባ ሁለት ፍሬ አምጥቶልኝ፣ ደህናውን ፊውዝ በቦታው አኖርኩት። አሁን ሳይሆን ያን ጊዜ፣ ከስምንት ወር በፊት፣ እንዲህ ለምኜ ባስመጣ ኖሮ ምን ነበር እያልኩ። መብራቱን ሳበራው በራ። ፍሬቻው ጠቀሰ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኮምቦልቻ ቤታቸው በጠየቅኳቸው ቁጥር እነግራቸዋለሁ እያልኩ አንድ ምክንያት አገኝ ነበር። አንድ ቀን ሰው ነበረ፤ አንድ ቀን ጣታቸው መርቅዞ እያመማቸው ነበር፤ አንድ ቀን እኔ አልጀመርኩም፣ እሳቸው ስለ ዝናቡ ጀመሩ። ደግሞም ምርመራው ይለፍ፣ ከዚያ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

የምርመራው ጧት ዘመድ ወደ ደሴ አመጣቸው። ከሦስት ሳምንት ያላነሰ ታመው የተኙ ይመስሉ ነበር፣ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ። መብራቱን አበራሁላቸው፤ ዞረው አዩት። ከፊቷ ተጎንብሰው ክብ ዓይኖቿን በእጅጌአቸው ጠረጉ። ከዚያ ወደኔ መጡና ዱዓ ላድርግልህ አሉኝ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ወሎ ላይ ግን ሽማግሌ ዱዓ ሲያደርግ አሚን የማይል የለም፤ ሙስሊሞቹም የኛን ሽማግሌ ምርቃት አሜን ብለው ይቀበላሉ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። የተላጡት ጣቶች አዲስ ቆዳ አውጥተዋል፤ ጽጌረዳ መስሏል። ይችን መኪና ያዳነ እጅ፣ ብለው ጀመሩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ነክቼዋለሁ። አሚን ማለት የነበረብኝ ላይ አፌ አልከፈት አለ።

ወረቀቱን አወጣሁና በተዘረጋው መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሾፌር ናቸውና ቶሎ ግን ገባቸው። መዳፋቸው እንደተዘረጋ ቆየ። ዱዓው ካለበት ቀረ።

"ስንት ወር ነው?" አሉኝ።

"ስምንት።"

"ሐረጎ ላይ እኔ ብቻዬን ነበርኩ" አሉ። "ያን ቀን ሰው አልጫንኩም። በማግስቱ ግን ሦስት ነፍሰ ጡር ሴቶችን ወደ ሐኪም ቤት ላደርስ ተቀጥሬ ነበር።"

ይቅር በሉኝ ማለት እንኳ ነገሩን የሚያሳንሰው መሰለኝ። ኋላ ግን አልኳቸው። እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው ከኮታቸው ኪስ ከተቱት፤ ያ ኮት እሳቱን ያፈኑበት ነው፣ ጎኑ ተጠብሷል። መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሞተር አስነሡ። ሰላም ዋል አሉኝ፤ ያን ያህል አሉ። ዱዓውን አልጨረሱትም።

መኪናዋ ምርመራውን አለፈች። ይሄን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ለብዙ ወራት አልመጡም። ሌላ ሠሪ ይዘዋል ብዬ ተውኩት፤ መብታቸው ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም መኪና ወረቀት አልጠቀለልኩም። ፊውዝ የለም ስል የሚቆጣ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ ኤሌትሪክ ሠሪ የት አለ እያለ የሚሄድም ነበር። ይሂድ። በዚህ መሐል አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ በሐርቡ አለፍኩ። ሴትዮዋ አወቀችኝ። ከአሥራ ሦስቱ እንቁላል አሥራ አንዱ ተፈልፍሏል። ሁለቱን ያበላሸው ዓይንህ ነው አለችኝ፤ መጀመሪያ በመስኮት ያየሃቸው ናቸው። ነገርካቸው ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ነገርኳቸው አልኳት። ምን አሉህ አላለችም፤ ውሃ ሰጠችኝ።

በዝናቡ ወራት አያ መጡ። ክላክሱ ጠፍቶባቸው ነው። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን። ከዚያ በዚያ እግራቸው ወርደው፣ ራሳቸው ተጎንብሰው፣ የፊውዙን ሳጥን ክዳን ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩ። ሲጨርሱ ክዳኑን መለሱና "ሥራ" አሉኝ። ክላክሱን ሠራሁላቸው። ስጨርስ እንደገና ከፍተው አይተው ሄዱ።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። በመጡ ቁጥር ሥራ ሳልጀምር ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ስጨርስም ይከፍታሉ። ቃል አይናገሩም፣ ፊታቸውም አይጠቁርም። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አጠገባቸው ቆሜ እጠብቃለሁ። ይሄ ዓመት አለፈው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ያሳፍረኝ ነበር ይሆናል። ከሳቸው ሲመጣ ግን አንድ ዓይነት ዕረፍት ነበረው፤ ቢያንስ የሚያዩት የተደበቀ ነገር የሌለበት ነበር።

አንድ ቀን መጡ፤ የኋላው መብራት ነበር ያስቸገራቸው። እርጅና ተጫጭኗቸዋል። ከመኪናዋ ሳይወርዱ ተቀመጡ። ጠበቅኳቸው። አልወረዱም።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉኝ።

ክዳኑን ራሴ ከፈትኩትና ከመቀመጫቸው ሆነው እንዲያዩት ባትሪዬን አበራሁበት። ፊውዞቹ በየተራቸው ተደርድረዋል። አያ ወደዚያ አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። ቆይተው መዳፎቻቸውን ጭናቸው ላይ እንዳሉ ወደ ላይ ገለበጧቸው፣ ዝግ ባለ ድምፅም ዱዓውን ያን ጊዜ ካቆሙበት ቀጠሉ።

አሚን አልኩ፤ ወደ ኋላ ሄጄም የጠፋውን መብራት መፍታት ጀመርኩ።